«እርጅና ነው» ከማለታችን በፊት፤ የአረጋውያን የዓይን መድከምና በኑሮአቸው ላይ የሚያስከትለው ጉዳት

በመጽሐፈ ጦቢት የተጻፈውን ታሪክ አብዛኞቻችን የምናስታውሰው በፍጻሜው ነው፤ ልጁ ጦብያ ከመንገድ ተመልሶ፣ መልአኩ ቅዱስ ሩፋኤል እንደነገረው የዓሣውን ሐሞት በአባቱ ዓይን ላይ ሲያደርግ፣ ነጩም መጋረጃ ሲገፈፍ። በዚህ ጽሑፍ ግን መለስ ብለን ከታሪኩ መካከል አንዲት ነገር እንድናይ እንወዳለን። ጦቢት ዓይኑን ካጣ በኋላ ሚስቱ ሐና በሽመና ሥራ ቤቱን ታስተዳድር ነበር። አንድ ቀን አሠሪዎቿ ከደመወዟ ሌላ አንድ የፍየል ግልገል ጨምረው ሰጧት። ጦቢት ግልገሉ ሲጮኽ ሰማ እንጂ አላየውም። ሚስቱ ከየት እንዳገኘችው ብትነግረውም አላመናትም፤ የተሰረቀ ነውና ለባለቤቱ መልሺ ብሎ ተቆጣት። እርሷም ዝም አላለችውም። ከዚያ በኋላ ጦቢት አዝኖ አለቀሰ፤ ሞትንም ለመነ።

ይህ ሰው ምጽዋትን የማያስታጉል፣ የወደቀውን ሬሳ አንሥቶ የሚቀብር ጻድቅ ሰው ነበረ። በአንድ ግልገል ጩኸት ከትዳር አጋሩ ጋር እስከ መጣላት ያደረሰው የጠባዩ ክፋት አልነበረም። በዓይኑ አረጋግጦ ያምን የነበረ ሰው ማረጋገጫውን ስላጣ ነው። የዓይን ብርሃን ሲጠፋ አብሮት የሚጠፋው ነገር ብዙ ነው፤ በሰው ላይ ያለው እምነት፣ በቤት ውስጥ የነበረው ስፍራ፣ አንዳንዴም የመኖር ፈቃድ። ስለ አረጋውያን ዓይን ስንናገር ስለ ማየትና አለማየት ብቻ እየተናገርን ከሆነ ግማሹን ትተነዋል ማለት ነው።

በየአጥቢያችን እንዲህ ያለውን አባት የማያውቅ የለም። ከሁሉ ቀድመው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚደርሱ፣ ቅጽሩን ዞረው ሳይሳለሙ የማይገቡ አባት በመጀመሪያ ከሌሊቱ ማኅሌት ይቀራሉ፤ ጨለማው አስቸግሯቸው ነው። ቀጥሎ ከጽዋ ማኅበሩ ይቀራሉ። ዳዊታቸው ከማኅደሩ ሳይወጣ ይሰነብታል። በመንገድ ላይ የልጅነት ጓደኛቸውን ሰላም ሳይሉ ያልፋሉ፤ ጓደኛውም «ምን አስቀየምኳቸው?» ብሎ ያኮርፋል። በመጨረሻ ከቤታቸው ደጃፍ ፀሐይ ከመሞቅ በቀር የትም የማይሄዱ ይሆናሉ። ቤተሰቡን ብንጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ «እርጅና ነው፤ ምን ይደረጋል!»

ይህች ቃል በብዙ ቤት የሐኪምን ስፍራ ወስዳለች። ነገሩን ያከበደውም ብዙ ጊዜ ትክክል አለመሆኗ ነው። በአገራችን በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው የዓይን ጤና ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ የሚሆነው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶ የሚሆነው ደግሞ እይታው የደከመ መሆኑን አሳይቶ ነበር። ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ የመጣው በቀዶ ጥገና ሊወገድ ከሚችለው ከዓይን ሞራ ነበር። ጥናቱ መንስኤዎቹን ሁሉ ደምሮ ሲያይ፣ ከአሥሩ ዓይነ ስውርነት ወደ ዘጠኝ የሚጠጋው አስቀድሞ ሊከላከሉት ወይም ሊያክሙት የሚቻል ሆኖ ተገኝቷል። ጥናቱ ዛሬ የቆየ ቢሆንም የመልእክቱ ክብደት አልቀነሰም። «ምን ይደረጋል» የተባለላቸው ብዙዎቹ አረጋውያን ሊደረግላቸው የሚቻል ነገር ነበረ።

ዓይን በዕድሜ ምን ይሆናል?

ሁሉንም ሰው የሚያገኘው ለውጥ በ40 ዓመት ገደማ ይጀምራል። በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ በወጣትነት እንደ ልብ የሚለጠጥና የሚሰበሰብ ነበር፤ ዕድሜ ሲገፋ ይደርቃል፤ ስለዚህ ቅርብ ያለውን ነገር አጥርቶ ማየት ያቅታል። ቄሱ መጽሐፉን ከፊታቸው እያራቁ ማንበብ ሲጀምሩ፣ እናት መርፌውን ለልጅ እየሰጡ «ክሩን አስገቢልኝ» ሲሉ፣ ምስር ለቅመው ሲጨርሱ ጠጠር ሲገኝበት ምክንያቱ ይህ ነው። በሽታ አይደለም፤ መድኃኒቱም የንባብ መነጽር ነው። ሆኖም እንደ ትንሽ ነገር ሊታለፍ አይገባውም። በሕንድ በአሳም ግዛት ከ40 ዓመት በላይ የሆናቸው የሻይ ቅጠል ለቃሚዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት፣ የቅርብ መነጽር የተሰጣቸው ሠራተኞች ካልተሰጣቸው ይልቅ ምርታቸው ከ20 በመቶ በላይ ብልጫ አሳይቷል። በእኛ አገር ፈትል የሚፈትሉ፣ ጥልፍ የሚጠልፉ፣ እህል የሚለቅሙ እናቶች ስንት ናቸው? «እጄ አልሠራ አለኝ» ብለው ሥራውን የሚተዉት ብዙ ጊዜ እጃቸው ሳይደክም ነው።

ሁለተኛው የዓይን ሞራ ነው። ያው ሌንስ ቀስ በቀስ ይደፈርሳል፤ በጉም ወይም በቆሸሸ መስተዋት ውስጥ እንደማየት ይሆናል። አያምም፤ አይቀላም፤ ስለዚህም ሰው ሳይጠረጥረው ይቆያል። የፀሐይ ነጸብራቅ ያስቸግራል፣ ቀለማት ይደበዝዛሉ፣ የሚመጣው ሰው ጥላው እንጂ ፊቱ አይለይም። ሕክምናው የደፈረሰውን ሌንስ አውጥቶ በሰው ሠራሽ ሌንስ መተካት ነው። ዓይኑ ብቻ ይደነዝዛል፤ በሽተኛው ነቅቶ ሳለ ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። የሚተላለፍ አንድ የቆየ ስሕተት አለ፤ «ሞራው ሳይበስል አይነካም» የሚለው። ይህ በቀደመው ዘመን ሕክምና እውነትነት ነበረው፤ አሁን ግን የሚጠበቀው የሞራው መብሰል ሳይሆን የሰውዬው ኑሮ መታወክ ነው። እንዲያውም እጅግ የቆየ ሞራ ለቀዶ ጥገና የሚያስቸግርበት፣ የዓይንን ግፊት ከፍ አድርጎ የሚጎዳበት ጊዜ አለ።

ግላኮማ ከእነዚህ ይለያል፤ አስተዳዳሪዎችና ካህናት ለይተው ሊያውቁት የሚገባም ስለ ልዩነቱ ነው። በብዙዎቹ ሕሙማን በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት እየጨመረ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን የእይታ ነርቭ ያደክማል። እይታ የሚጠፋው ከዳር ወደ መካከል ነው፤ ስለዚህ ሰውዬው ፊት ለፊት ያለውን እያየ «ደኅና ነኝ» ሲል ዳርና ዳሩ ጨልሞበታል፤ በሩን ይገጫል፣ ከጎኑ የቆመውን አያይም። ከግላኮማ የጠፋው እይታ አይመለስም። ሕክምናው የቀረውን መጠበቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ በሚደረግ ጠብታ። በቤተሰብም ስለሚወረስ፣ አባት በግላኮማ ከታወቁ ልጆችና ወንድሞች እህቶች ሁሉ ቢመረመሩ ይገባል።

የቀሩትን በአጭሩ እናንሣ። ስኳር በሽታ ሬቲና የሚባለውን የኋለኛውን የዓይን ክፍል ስለሚጎዳ የስኳር ሕመምተኛ ዓይኑን በየዓመቱ መታየት አለበት። በእርጅና የሬቲና መካከል ሲሳሳ ደግሞ የዳር እይታ እያለ የፊት ለፊቱ፣ ማለትም ፊትና ፊደል የሚለይበት ይጠፋል። በገጠሩ ክፍል፣ ይልቁንም በአማራ ክልል፣ ትራኮማ ገና አልተወገደም። በልጅነት ደጋግሞ የያዘ ትራኮማ በጎልማሳነትና በእርጅና የዓይንን ቆብ አጣሞ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ይቀለብሰዋል፤ እያንዳንዱ እርግብታ ብሌኑን ይፍቃል። ሕፃናትን ሲንከባከቡ የኖሩት ሴቶች በዚህ ከወንዶች ይልቅ ይጎዳሉ። በወረንጦ መንቀል ለጊዜው ያስታግስ እንደሆነ እንጂ ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል። የቆብ ቀዶ ጥገናው ግን በሠለጠኑ ባለሙያዎች በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚሰጥ ነው።

ከዓይን ቀጥሎ የሚደክመው

ወደ ዋናው ጉዳያችን እንመለስ። እይታው የደከመ አረጋዊ መጀመሪያ የሚያጣው ድፍረቱን ነው። አንድ ጊዜ በደረጃ ላይ ወድቆ የተነሣ ሰው ዳግመኛ ደረጃውን በፍርሃት ያያል። በአረጋውያን ዘንድ መውደቅ ቀላል ነገር አይደለም፤ አጥንታቸው ስለሳሳ የዳሌ አጥንት ስብራት ያመጣል፤ ከዚያ ብዙዎች በእግራቸው ተመልሰው አይቆሙም። ላለመውደቅ ሲሉ ቁጭ ማለት ደግሞ ጡንቻን ያደክማል፤ የደከመ ጡንቻ መልሶ ለመውደቅ ያጋልጣል። ልጆች «አባባ፣ ይቀመጡ፤ እኛ እናመጣለን» ሲሉ ከፍቅር ነው፤ ነገር ግን አባባ ከዚያ ቀን ጀምሮ የተቀማጭ ኑሮ ይጀምራሉ።

ሁለተኛው ሰላምታ ነው። በሌላ አገር ሰው ጎረቤቱን ሳያይ ቢያልፍ ነገሩ ላይከብድ ይችላል፤ በእኛ ዘንድ ግን ሰላምታ መንፈግ ቂም ማሳወቅ ነው። ፊት መለየት ያልቻሉ አረጋዊ ሳያውቁ ስንቱን ያስቀይማሉ። ይህንንም ሲረዱት ሰው ወዳለበት መሄድን ይተዋሉ፤ ለቅሶ ቤት ገብተው ማን እንደተቀመጠ ሳያውቁ መናገር ያሳፍራቸዋልና። የንስሐ አባቶች «እገሌ ከእኔ ጋር አይነጋገሩም» የሚል ክስ ሲሰሙ፣ ከሁለቱ አንዱ በዕድሜ የገፉ ከሆኑ፣ ከዕርቁ በፊት ስለ ዓይናቸው ቢጠይቁ ጠቡ በዚያው የሚያልቅበት ጊዜ ይኖራል።

ከዚያ ገንዘብ አለ። በ2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች በተለወጡ ጊዜ በመልክና በመጠን ለይተው የሚያውቋቸውን ያጡ አረጋውያን ብዙ ናቸው። ብሩን ለልጅ ልጅ አሳይተው መቀበል፣ ከሱቅ መልሱን በእምነት መያዝ ግድ ይሆናል። ከዚህ በኋላ «ብሬ ጎደለ» የሚል ጥርጣሬ ይመጣል፤ የቤት ሠራተኛ ትከሰሳለች፣ ምራት ትታማለች። የጦቢት ግልገል በየቤቱ ይጮኻል። ቤተሰቡ ግን «ጠባያቸው ተለወጠ፤ ነገረኛ ሆኑ» ይላል። መድኃኒትም እንዲሁ ነው። የደም ግፊቱንና የስኳሩን ክኒን በመልኩ መለየት ያልቻለ ሰው አንዱን ደግሞ ሌላውን ይዘላል፤ ሕመሙ ሲብስበት መድኃኒቱ አልሠራ እንዳለ ይቆጠራል።

የሚያሳዝነው የሥራ ማጣት ነው። በአገራችን አረጋዊ ሥራ ፈት አይደለም። ቤት ይጠብቃል፣ ሕፃን ያጫውታል፣ ከብት ይመልሳል፣ ቡና ይቆላል፣ በሽምግልና ይቀመጣል። ዓይን ሲደክም ይህ ሁሉ ከእጁ አንድ በአንድ ይወሰዳል፤ ቡናውን ስላሳረሩት፣ ሕፃኑን ስላልጠበቁት። ማንም «አትጠቅሙም» አይላቸውም፤ እርሳቸው ግን ይረዱታል። እይታቸው በደከመ አረጋውያን ላይ የመንፈስ ጭንቀትና ተስፋ መቁረጥ ከእኩዮቻቸው ይልቅ እንደሚበዛ በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ። በእኛ ዘንድ ይህ ጭንቀት ስሙን ለውጦ ይመጣል፤ «ሆዴ ባባ»፣ «እንቅልፍ አጣሁ»፣ «ምግብ አልበላ አለኝ»፣ «ምነው ጌታ በወሰደኝ» እያለ። የመጨረሻው ቃል ከአረጋዊ አፍ ሲወጣ እንደ ጸሎት ብቻ ሰምተን የምናልፈው አይሁን።

የማሰብ ኃይልም ከዚህ አይርቅም። አእምሮ የሚመገበው በዓይንና በጆሮ ከሚገባው ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ሥር ስለ አእምሮ መዳከም የተሰበሰበው የሊቃውንት ኮሚሽን፣ ሳይታከም የቆየ የእይታ መድከምን ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡና ሊከላከሏቸው ከሚቻሉ 14 ምክንያቶች እንደ አንዱ ቈጥሮታል። ይህ ማለት ሞራው የተገፈፈለት ሁሉ ከመርሳት ይድናል ማለት አይደለም። ነገር ግን «ጃጅተዋል» ከተባሉት መካከል ያልታዩና ያልሰሙ መኖራቸውን ልንጠረጥር ይገባል። ጥያቄውን ያልሰሙ፣ የጠያቂውን ፊት ያላዩ አረጋዊ የተሳሳተ መልስ ቢሰጡ አእምሮአቸውን አንውቀስ።

የሌለውን ማየት

ካህናት ብቻ የሚሰሙት አንድ ነገር አለ፤ አረጋውያን ለሐኪምም ለልጅም አይነግሩትም። ዓይናቸው በእጅጉ የደከመ አንዳንድ ሰዎች የሌለ ነገር ያያሉ፤ በግድግዳው ላይ የሐረግ ጌጥ፣ በቤቱ ጥግ የቆሙ ትናንሽ ሰዎች፣ የሚያልፉ እንስሳት፣ የማያውቁት ሰው ፊት። ምስሉ አይናገርም፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። የስዊዘርላንዱ የተፈጥሮ ሊቅ ሻርል ቦኔ እ.ኤ.አ. በ1760 ዓይናቸው የደከመ፣ አእምሮአቸው ግን ጤነኛ የነበረ አያቱ ያዩትን ይህን የመሰለ ነገር ጽፎ አቆይቷል፤ ሁኔታው ዛሬም በስሙ ይጠራል። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ከዓይን ይደርሰው የነበረው መልእክት የተቋረጠበት አንጎል ባዶውን ስፍራ በራሱ ሥዕል ይሞላዋል። እጁ የተቆረጠ ሰው የሌለ ጣቱ እንደሚያሳክከው ያለ ነው።

እንዲህ የሚያዩ አረጋዊ ብዙ ጊዜ የሚያዩት እውነት አለመሆኑን ያውቁታል፤ የሚፈሩት «አበደ» ወይም «ተለከፈ» መባልን ነው። ስለዚህ ምሥጢሩን ለንስሐ አባታቸው ብቻ ያመጡታል። እዚህ ላይ የካህኑ የመጀመሪያ ቃል ከባድ ነው። ጸሎቱ አይቅር፤ ነገር ግን ርኩስ መንፈስ ነው የሚል ፍርድ ከካህን አፍ ከመውጣቱ በፊት «አባቴ፣ ዓይንዎ ከደከመ ምን ያህል ጊዜ ሆነው? የሚያዩት ይናገርዎታል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ምስሉ ዝምተኛ ከሆነ፣ አረጋዊውም ሌላው አሳባቸው የተስተካከለ ከሆነ፣ ይህ ከዓይን ድካም የሚመጣ የታወቀ ነገር እንደሆነ ቢነገራቸው ብቻ ብዙዎች ይረጋጋሉ። ድምፅ የሚሰሙ፣ የሚቃዡ፣ ወይም በድንገት አሳባቸው የተወናበደ ከሆነ ግን ሳይዘገይ ወደ ሐኪም መወሰድ አለባቸው።

ጸበል፣ ጾምና ስግደት

ዓይን ሲታመም ብዙው ምእመን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጸበል ነው። ይህ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው፤ ጸበልና ሕክምናም ጠላቶች አይደሉም። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ከኤች አይ ቪ መድኃኒት ጋር በተያያዘ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን፣ መድኃኒት መውሰድም ኃጢአት አለመሆኑን በአደባባይ ተናግረው ነበር። ያ ቃል ለዓይን ሕሙማንም ይሠራል፤ ይልቁንም ለግላኮማ ሕሙማን። ጸበል ቦታ ለመሰንበት ሲሄዱ ጠብታቸውን ከቤት ትተው የሚሄዱ፣ «ሁለት ልብ እንዳይሆንብኝ» ብለው የሚያቋርጡ አሉ። ጠብታው በተቋረጠበት ሳምንት ሕመም አይሰማም፤ ነርቩ ግን ይጎዳል፤ የተጎዳውም አይመለስም። ጠብታውን አድርገው እንዲጠመቁ የሚፈቅድ የአንድ ካህን ቃል የቀረውን ዓይን ያቆያል።

ከሞራ ቀዶ ጥገና በኋላ ያለው ጥንቃቄ ደግሞ ሌላ ነው። ቁስሉ እስኪድን ድረስ ውኃ ወደ ዓይኑ መግባት የለበትም፤ የተቀደሰ ውኃም ቢሆን ውኃ ነውና በዚያ ጊዜ መጠጣቱ ይበቃል፤ ፊትን መታጠቡና መጠመቁ ይዘግያል። ሐኪሞች ለተወሰኑ ሳምንታት ጎንበስ ማለትንና ከባድ ማንሣትንም ይከለክላሉ። ቀዶ ጥገናው በዐቢይ ጾም ከሆነ ስግደቱ ነገር ያመጣል፤ አረጋዊው ሐኪሙን እሺ ብለው ይወጣሉ፤ በሰሙነ ሕማማት ግን ሁሉ ሲሰግድ ቆሞ ማየት አይሆንላቸውም። ስለዚህ የንስሐ አባቱ ቀድሞ ጠርቶ «ለእርስዎ በዚህ ዓመት በተቀመጡበት መጸለይ ነው» ቢላቸው ሕሊናቸውም ዓይናቸውም ያርፋል። ዓይን ውስጥ የሚጨመር ጠብታ ጾም ይገድፋል ወይ የሚለውንም ብዙዎች ሳይጠይቁ በራሳቸው ይወስኑበታል፤ ከመድረኩ አንድ ጊዜ ቢነገር ይቀላል።

ሌላም እንጨምር። በሐኪም ያልታዘዘ የዓይን ጠብታ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ለወራት መጠቀም እየተለመደ ነው። ማሳከክንና መቅላትን ቶሎ የሚያጠፉት አንዳንዶቹ ጠብታዎች ስቴሮይድ የተባለው መድኃኒት ያለባቸው ናቸው፤ ሲዘወተሩ ራሳቸው የዓይን ግፊትንና ሞራን ያመጣሉ። ዕፅ ቀጥቅጦ በዓይን መጨመርም ብሌኑን ሊያቆስል ይችላል።

አጥቢያው የሚችለው

የመንግሥት ጤና ተቋም ወደ እርሱ የመጣውን ያክማል፤ የቀረውን ግን አያውቅም። ማን እንደቀረ የሚያውቀው ሰበካ ጉባኤው ነው። «ዓይንዎ እንዴት ነው?» ተብለው የተጠየቁ አረጋዊ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ፤ ስለዚህ ጥያቄው ሌላ መሆን አለበት። ከመሸ በኋላ ይወጣሉ? ዳዊት መድገም ከተዉ ስንት ጊዜ ሆነዎት? ከደጁ ስገባ ማን መሆኔን በድምፄ ነው ያወቁት ወይስ በመልኬ? አንዱን ዓይን በእጅ ሸፍነው፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ ከ3 ሜትር ርቀት ላይ የሚታዩዋቸውን ጣቶች እንዲቆጥሩ ማድረግም ይቻላል። አንድ ዓይን ጨርሶ የጠፋበት፣ በሌላው ብርታት ሳይታወቅ የኖረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚገኘው እንዲህ ነው። ይህ ምርመራ አይደለም፤ ወደ ምርመራ የሚልክ ምልክት ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድ የዕረፍት ቀን የአጥቢያውን አረጋውያን ሁሉ በዚህ መንገድ ጠይቀው መዝግበው ሊጨርሱ ይችላሉ።

በልምድ ከሐኪሙ ዋጋ ይልቅ የሚያስቀረው መንገዱና አጃቢው ነው። አንድ አረጋዊ ሆስፒታል ሲሄዱ አንድ ሠራተኛ ከእርሻው ወይም ከገበያው ይቀራል፤ ለዚህ ነው ቤተሰብ «አዝመራው ይግባ» እያለ ዓመት ከዓመት የሚያሳልፈው። ሴቶች አረጋውያን ደግሞ ለራሳቸው መጠየቅ ስለማይወዱ ከሁሉ በኋላ ይቀራሉ። አምስት ስድስት ሆነው በአንድ መኪና፣ በሁለት አጃቢ ቢሄዱ ሸክሙ ይቀላል። እዚህ ላይ ዕድሮቻችንን ሳንነካ ማለፍ አልቻልንም። ለቀብር ድንኳኑ ተዘጋጅቷል፣ ድስቱ ተቆጥሯል፣ ገንዘቡ ተቀምጧል። ሰውዬው በሕይወት ሳሉ ዓይናቸውን ለማሳከም ግን ደንቡ አይፈቅድም። ለተዝካር ከሚወጣው ጥቂቱን ለዚህ ማዋል ይቻል እንደሆነ ጠቅላላ ጉባኤው ቢወያይበት መልካም ነው።

በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥም የሚሠራ ሥራ አለ፤ ርካሽ ነው። በዕድሜ የገፋ ዓይን ከወጣት ይልቅ ብዙ እጥፍ ብርሃን ይፈልጋል፤ ብሌኑ ይጠባል፣ ሌንሱም ቢጫ ይሆናልና። የደረጃውን ጫፍ ሁሉ በነጭ ኖራ መቀባት፣ በመግቢያው ላይ አምፖል መጨመር፣ ከአንደኛው ግድግዳ ላይ የሚይዙት አግዳሚ እንጨት ማቆም፣ በጉልህ ፊደል የታተመ ዳዊት ከመጻሕፍት መሸጫው እንዳይጠፋ ማድረግ። ካህኑም ወደ እነዚህ አባቶችና እናቶች ሲቀርብ መስቀሉን ከማሳለሙ በፊት «እኔ አባ እገሌ ነኝ» ቢል፣ ማን እንደሆነ እንዲገምቱ አያስቸግራቸውም።

እይታቸው የማይመለስላቸው አረጋውያን አሉ። ቤተ ክርስቲያናችን ዓይነ ስውራን የቅኔና የዜማ መምህራን ጉባኤ ዘርግተው ያስተማሩባት፣ በትምህርት የበሰለውንም «አራት ዓይና» ብላ የምታከብር ናት፤ ስለዚህ ዓይን ማጣት ዕውቀት ማጣት እንዳልሆነ ለእኛ ሊነገረን አይገባም። ነገር ግን በልጅነቱ በቃሉ ተምሮ ጨለማውን የለመደ ሊቅና በ70 ዓመቱ በድንገት የጨለመበት ገበሬ አንድ አይደሉም። ገበሬው ሁሉን እንደገና መማር አለበት፤ ቤቱን በእርምጃ መቁጠር፣ ዕቃው ሁሉ አንድ ቦታ እንዲቀመጥ፣ በክንድ ተይዞ ከመጎተት ይልቅ የመሪውን ክንድ ራሱ ይዞ መሄድ። ቤተሰቡም ይማራል። ዳዊቱን የሚያነብላቸው አንድ ዲያቆን በሳምንት አንድ ቀን ቢመጣ፣ ሲሳሳት እያረሙት ያስጨርሱታል፤ ዲያቆኑም ንባቡን ያቃናል።

የዓይን ሕክምና ዘመቻ ወደ ወረዳ ሲመጣ የሚነገረው አንዳንዴ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው፤ ዝርዝሩ ቀድሞ ያልተዘጋጀ አጥቢያ ያመልጠዋል። ስለዚህ ስማቸው፣ የትኛው ዓይን እንደሆነ፣ የስኳርና የደም ግፊት ሕመም እንዳለባቸው፣ ማን እንደሚያጅባቸው በአንድ ወረቀት ተጽፎ በጸሐፊው ዘንድ ይቀመጥ። ወረቀቱ ቀዶ ጥገናው ሲፈጸም አይዘጋ። ሻሹ በማግሥቱ ሲፈታ ሰውዬው ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ዓይን ግን ይረሳል፤ የቅርብ መነጽሩም ሳይገዛ ይቀራል። በዝርዝሩ ጎን ለእነዚህ ለሁለቱ የሚሆን ባዶ ዓምድ ይተውላቸው።